አፈር የለበሰውን እሳት ለማየት አዊ አገር ስድስት ቀን

ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሚስት ካገባሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ከእድራችን ስም ዝርዝርና ከሁለት ሦስት ደብዳቤ በቀር የጻፍሁት የለም። ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ የሚታረም እንጂ የሚሣቅበት አይደለም። እኛ መንደር አዊ አገር ደርሶ ለመምጣት ጉልበቱም ፋታውም ያለው ሰው ጥቂት ነው። የተመለስሁ ሰሞን ሁሉም እየመጣ "አገሩ እንዴት ነው?" ሲለኝ፣ ለእያንዳንዱ ስናገር ድምፄ ተዘጋ። ይኸው ጻፍሁት፤ የቻለ ያንብበው፣ ያልቻለ ያስነብበው።

መጀመሪያ ለምን እንደ ሄድሁ ልናገር። ወንድ ልጄ አንድ ስማቸው ብቻ ነው፤ እህቶቹ ተድረዋል። ይኸ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ "አባባ፣ የላይኛውን ማሳ ስጠኝና ዲከረንስ ልትከልበት" እያለ ነዘነዘኝ። ዲከረንስ ማለት ከውጭ የመጣ፣ ቅጠሉ እንደ ግራር የደቀቀ፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። አዊዎች እሱን እየተከሉ ከሰል እያከሰሉ ቤት ሠሩበት ይላል። እኔ ደግሞ እህል የበላሁበትን መሬት ለእሳት አልሰጥም አልሁ። ዘንድሮ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ "ክረምት ሳይገባ ካልሰጠኸኝ ወደ ሰሊጥ አገር ለቀን ሥራ እሄዳለሁ፤ ተመልሼም አልመጣ" አለኝ። ተናደድሁና "የእሳት ልጅ አመድ!" ብዬ ሰደብሁት። ምሳውን ትቶ ወጣ። ሚስቴ እጇን ታጥባ ስታበቃ "አንተ ሰውዬ፣ ሄደህ እይና እምቢ በል። ሳያዩ እምቢ ማለትማ የበቅሎ ነው" አለችኝ።

ስለዚህ ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር የሄድሁት ለማየት አይደለም፤ ነቀፋ ፍለጋ ነው።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። የምሄደው ቢተው ዘንድ ነው። ቢተው በሚሊሻ ጊዜ አንድ ምሽግ ውስጥ አብረን የከረምን የአዊ ሰው ነው፤ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጣ ብሎ ያርሳል። ለእሱ ማኛ ጤፍ በስልቻ ይዣለሁ። ከብቸና እስከ ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ መከፈቱ ስለ ነበር ሰዉ እንደ ጆንያ ተጠቅጥቋል። ረዳቱ ስልቻዬን ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢል እምቢ አልሁ።

"አባባ፣ ወንበሩ የሰው ነው" አለኝ።

"ጤፉም የሰው ነው" አልሁት።

ጭኔ ላይ አድርጌው ማርቆስ ስደርስ ሁለቱም እግሬ ደንዝዞ መውረድ አቃተኝ። ያው ረዳት በብብቴ ገብቶ ደግፎ አወረደኝና "ጤፉስ ደኅና ገብቷል፤ የተጎዱት እርስዎ ነዎት" ብሎ ሣቀ። ወደ እንጅባራ የሚሄደው አውቶቡስ ድረስም ስልቻውን ራሱ ተሸከመልኝ። በልቤ ይቅርታ አልሁት እንጂ በአፌ አላልሁትም።

ቡሬ ላይ ምሳ በላን። ከቡሬ ወዲያ አገሩ መልኩን ለወጠ። እኛ ዘንድ በዚህ ወር መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ ዛፍ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። እዚህ ዳገቱም ሜዳውም አረንጓዴ ለብሷል። አባቴ "በአያትህ ጊዜ አገራችን ጫካ ነበር፤ በእሳት መንጥረው ነው ያረሱት" ይለኝ ነበር። ጫካው ሲያልቅ እንጨት ጠፋ፤ እንጨት ሲጠፋ ኩበት ነደደ፤ ለመሬቱ ፍግ መሆን የነበረበት ምድጃ ገባና መሬቱ ከሳ። እኛና እሳት እንዲህ ነው የኖርነው፤ እሱ ይበላል፣ እኛ እናቀርባለን። አውቶቡስ ውስጥ ይኸን ሳስብ እዚህ ያለው ደን ሁሉ ለከሰል የተተከለ መሆኑ አልገባ አለኝ። ለእሳት የተተከለ አገር እንዴት ይለመልማል?

እንጅባራ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከመናኸሪያው አጠገብ ወይዘሮ የሺ የምትባል ሴት አልቤርጎ አላትና እዚያ ገባሁ። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ አበላችኝ፤ ስንቀጠቀጥ አይታም የከሰል ምድጃ ፍም ሞልታ ክፍሌ አስገባችልኝ። ጥቂት ቆይታ ልታወጣው መጣች።

"ምነው? ገና መሞቄ እኮ ነው።"

"ከሰል ነው ጋሼ። በር ተዘግቶ አብረውት አይታደርም፤ ይገድላል።"

"ዕድሜ ልኬን እሳት ዳር ስተኛ ኖሬ አልሞትሁም።"

"እርስዎ የተኙት ጭስ ያለው እሳት ዳር ነው። ጭሱ ያስልዎታል፤ ተነሥተው ይወጣሉ። ይኸኛው አያስልም። ዝም ብሎ ነው የሚወስድ።"

"አንድ ቀን ምን አለበት?"

"አንድ ቀን ነው የሚፈልገውም! ኋላ ሬሳዎን ብቸና ድረስ ማን ያደርስልኛል? ይልቅ ብርድ ልብስ ልጨምርልዎ።"

ምድጃውን አንሥታ ወጣች። ሁለት ብርድ ልብስ ይዛ ተመለሰች። አንዱ ከራሷ አልጋ የተነሣ መሆኑን ያወቅሁት ጧት ዐይኗ ቀልቶ ሳያት ነው።

ዓርብ። እንጅባራ ጧት ጧት ጉም ለብሳ ነው የምትነሣው። አዊዎች ፈረስ ይወዳሉ ሲባል እሰማ ነበር፤ እኛ ዘንድ አህያ የሚሠራውን ሁሉ እዚህ ፈረስ ሲሠራው አየሁ። መንገድ ዳር ከቀርከሃ የተሠራ ወንበርና አልጋ ተደርድሯል፤ አንዱ ላይ ልሞክረው ብዬ ብቀመጥ ሻጩ ዋጋ ሳይጠራብኝ "ይረፉ አባቴ" አለኝ። አርፌ ተነሣሁ።

አዲስ ቅዳም ቅርብ ናት ተብዬ በሚኒባስ ተሳፈርሁ። ረዳቱ "አዲስ ቅዳም ወራጅ!" ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ቢተው ሲያወራላት ትልቅ ከተማ አድርጌያት ነበርና ይቺማ አትሆንም ብዬ ዝም አልሁ። ጎኔ ያለውን ሰው ብጠይቀው ምን ነበረበት? መንገድ መጠየቅ አልወድም። እንዲህ እንዳልሁ ዳንግላ ገባሁ።

ዳንግላ ሰፊ ናት፣ ከእንጅባራም ሞቅ ትላለች፤ ባጃጁ መተላለፊያ ያሳጣል። ስልኬ ባትሪው አልቋል። አንዲት ስልክ ቻርጅ የምታደርግ ሴት ሱቅ በር ላይ ቆምሁ። ስሟ ሣራ ነው፤ ግድግዳዋ ላይ ከተጻፈው ጥቅስና ከጥግ ከሚሰማው መዝሙር ጴንጤ መሆኗ ገባኝ። እኛ መንደር አንድም ጴንጤ የለም፤ ወሬው ግን ሞልቷል። ወደ ኋላ ልል ስል በርጩማ አቀረበችልኝ።

"ከየት ነው የመጡት አባቴ?"

"ከብቸና። አዲስ ቅዳም እሄዳለሁ።"

"አዲስ ቅዳምን አልፈዋት መጡ እኮ!"

"እሷ ናት ያለፈችኝ" አልሁ።

በሣቅ ሞተች። ስልኬን ሰካችልኝ፤ ኔትወርኩ እየጠፋ ሲያስቸግር ውጭ ወጥታ በራሷ ስልክ ቢተውን እየደጋገመች ደወለችለት። ሻይና ዳቦ ሰጠችኝና ከመብላታችን በፊት ዐይኗን ጨፍና ለመንገዴ ጸለየችልኝ። እኔም በስተመጨረሻ አማትቤ በላሁ። ከዚያ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፤ ለረዳቱም "እኒህን አባት አዲስ ቅዳም ላይ እጃቸውን ይዘህ አውርድ፤ አይደለም ቢሉህም አውርዳቸው" አለችው። ወሬና ሰው ለየቅል ነው።

ቢተው መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። አርጅቷል፤ ጥርሱ ግን እንዳለ ነው።

"አንተ ውቤ! ዛሬም መንገድ አትጠይቅም?"

"አንተስ ዛሬም ዝም አትልም?"

ተቃቅፈን ቆየን። አጠገባችን ከሰል የሞላ ጆንያ፣ አፉ በሣር ተጠቅጥቆ፣ እንደ ወታደር ተሰልፎ አይሱዙ ይጠብቃል። ከዚያ በእግር ወደ ቤቱ ሄድን። ግራና ቀኙ ዲከረንስ ነው፤ እኩል የተተከለ፣ ቀጥ ያለ። በየማሳው ክምር ክምር አፈር አየሁ፤ ከየጎኑ ጭስ ይወጣል። መቃብር መሰለኝ።

"ማን ሞቶ ነው ይኸ ሁሉ?" ብለው "እሳት ነው የተቀበረው" አለኝ። "የእኔንም አሳይሃለሁ። ትናንት ነው የለኮስነው። ሚያዝያ ላይ አንድ በሬ ሞቶብኛል፤ በዚህ ክምር ነው የምተካው።"

ሚስቱ ጥሩዬ እግሬን ልጠብ ብላ እምቢ ብላት "እንግዳ እምቢ አይልም" ብላ አጠበችው። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ወለሉ ስሚንቶ። ነቀፋ ፍለጋ ዐይኔን አዙሬ አዙሬ ያገኘሁት አንድ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጧት ጥሩዬ ክምሩን አሳየችኝ። ቢተው ባለቤት ይባል እንጂ የክምሩ አለቃ እሷ ናት። እንጨቱ አራት አምስት ዓመት ይቆምና ይቆረጣል፤ ደርቆ፣ እኩል እኩል ተደርጎ ይከመራል፤ ሣርና ቅጠል ይለብሳል፤ በላዩ አፈር። አንድ አፍ ይተውለትና ይለኮሳል፤ መያዙ ሲታወቅ አፉ ይደፈናል። ግርጌው ላይ ጣት የምታህል መተንፈሻ ብቻ ትቀራለች።

"ነጭ ጭስ ውሃው ነው" አለችኝ። "ቢጫ ሲል እንጨቱ እየበሰለ ነው። ሰማያዊ ሆኖ ከቀጠነ ደርሷል። እኔ ግን በዐይኔ አልጠብቀውም፤ ሽታው ይነግረኛል። ቤት ውስጥ ሆኜ በየት በኩል እንደ ተነፈሰ አውቃለሁ።"

"ትታበያለች" አለ ቢተው።

"አንተ አፍንጫህ ጠላ ብቻ ነው የሚያውቀው" አለችው።

በእነሱ መሃል ሲወራ አገውኛ ነው፤ እኔ ስቀርብ ወዲያው ወደ አማርኛ ይዞራሉ፤ አንድ ቀን እንኳ ጆሮዬን ባዕድ አላደረጉትም። ምሳ ላይ ክርክር ተነሣ። እሳትን መጀመሪያ ማን አገኘው ነው ነገሩ።

"አዳም ነው" አልሁ። "ከገነት ሲወጣ በረደው።"

"መብረቅ ነው" አለ ቢተው። "ዛፍ መታ፤ ሰው ሁሉ ሮጠ። አንዱ ብቻ እንዳንተ ደረቅ ስለ ነበረ አልሸሽም ብሎ ቆመ። እሱ አገኘው።"

"እንግዲያው ደረቅ ሰው ጠቅሟል።"

ጥሩዬ እንጀራ እየጨመረች "እሱ አገኘው እንበል" አለች። "ሳይጠፋ እዚህ ያደረሰችው ግን ሚስቱ ናት።"

እውነቷን ነው። እናቴ ማታ ፍሙን አመድ አልብሳ፣ ጧት ገልጣ እፍ ትለው ነበር። ክብሪት ያኔ ብርቅ ነበር። አባቴ ቡላድ ድንጋይ ከብረት አጋጭቶ እሳት ማውጣት ያውቅ ነበር፤ ዝናብ ከሆነ ግን እሱም አይሆንም። እሳት የጠፋበት ቤት ገል ይዞ ጎረቤት ፍም ይለምናል፤ ነውር ነው፤ የዚያ ቤት ሴትና ልጆች ለሳምንት መተረቻ ናቸው። እኔ አንድ ጊዜ በልጅነቴ አጥፍቼ የተገረፍሁትን ጀርባዬ ይነግራችኋል። እንግዲህ ሰው መጀመሪያ አገኘው፤ ቀጥሎ ጠበቀው፤ ቀጥሎ ከድንጋይ አወጣው፤ ጫካም ቤትም ሰውም አቃጠለበት። ሁሉም ግን እያበላው ነው። እዚህ አገር ያየሁት ሌላ ነው፤ እሳትን አስርበው ያሠሩታል። እንጨቱን ስጠው፣ አየሩን ንሣው፤ ሊበላው የመጣውን ከሰል አድርጎልህ ይወጣል። ይኸን ያሰበ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ባርኔጣ አነሣሁለት።

ከሰዓት በኋላ ቢተው የድንች ማሳውን አሳየኝ። ድንቹ በሙሉ ደኅና ነው፤ አንድ ቦታ ግን ክብ ሆኖ ቅጠሉ በልምላሜ ጠቁሮ እስከ ጉልበት ቆሟል።

"እዚያ ምን አደረግህበት?"

"ምንም። ያለፈው ክምር የነደደበት ነው። አመዱና የከሰሉ ድቃቂ ቀርቶበት ነው። ይኸ መሬት ኮምጥጦ እህል እምቢ ብሎን ነበር። ዛፉን ተከልን፣ በመጀመሪያው ዓመት መሃሉ ላይ ጤፍ ዘራን፣ ቀጥሎ ሣሩን ላም በላች፣ ከዚያ ከሰል ሆነ። ተመልሰን ስናርሰው እህል ያዘ።"

"እኛ ዘንድ የእሳት ልጅ አመድ ይባላል" አልሁ፤ ማንን እንደ ሰደብሁበት አልነገርሁትም።

"ያን የተረተው ሰው አላረሰም" አለኝ ቢተው።

ስንመለስ ግን የፈለግሁትን አገኘሁ። ከወንዙ ማዶ ያለው ዲከረንስ ቅጠሉ ዝጎ፣ ቆሞ ይደርቃል። ቢተው ሳልጠይቀው "ታሟል" አለኝ። "አልደብቅህም። የአንዳንዱ ሰው ማሳ ሙሉ ሄዷል። የእኔም ጫፉ ይዞታል። መድኃኒቱን ገና አላወቅንም።"

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ለስማቸው የምነግረው ተገኘ፤ ዛፉ በሽተኛ ነው፣ አለቀ። ነገ ዛሬ ሳልል ልመለስ አሰብሁ። ቢተው ግን "እሑድ አይኬድም" አለና ያዘኝ።

እሑድ። ቢተውና ጥሩዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ከዚያም ለቅሶ ይደርሳሉ። እኔ ጉልበቴ አሞኝ ቀረሁ። ጥሩዬ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። "ጋሼ፣ የተሸነቆረ ካዩ አፈር ይጣሉበት። ሌላ ምንም እንዳይነኩ። አደራ።"

"ልጅ ነኝ እንዴ?" አልኋት።

ጋቢዬን ተከናንቤ ክምሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ረፋዱ ላይ በአንድ በኩል ጭሱ ቀጠነ፤ ቆየና ጭራሽ ጠፋ። በእጄ ዳሰስሁት፤ ቀዝቅዟል። የሰው እሳት በእጄ ሊጠፋ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው አንድ ሕግ ነው፤ እሳት ሲደክም ገለጥ አድርገህ እፍ በለው። "ሌላ ምንም እንዳይነኩ" ያለችው ለማያውቅ ሰው ነው ብዬ ዶማ አነሣሁ። ትንሽ ገለጥሁ። ምንም የለም። ጨመርሁ። ተንበርክኬ እፍ አልሁበት። ከውስጥ አንድ ቀይ ነገር ታየኝና "አለህ!" አልሁት፤ እንደ ሰው። ሰፋ አደረግሁለት።

ከዚያ እንደ አውሬ ተነፈሰ። ነበልባሉ ከፊቴ ሲወጣ ወደ ኋላዬ ወደቅሁ፤ ቅንድቤ ተለበለበ። በጀሪካን ያለውን ውሃ አምጥቼ ደፋሁበት። ይኸ ደግሞ የባሰው ነው፤ እንፋሎቱ ፈንድቶ የቀረውን አፈር ናደው። የጎረቤት ሴት አይታ ጮኸች። በአገውኛ ነው የጮኸችው፤ ለመረዳት ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ከየቤቱ ሰው አካፋ ይዞ ሮጠ። ጥሩዬ ከመንገድ ሽታው ደርሷት ኖሮ ነጭ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን እንደ ለበሰች ከሁሉም ቀድማ እየሮጠች ደረሰች። "ውሃ አይደለም! አፈር! አፈር!" እያለች በእጇ ትዝቅ ጀመር። እኔም ዛቅሁ። ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ስንደፍን ቆየን። እሳቱ ሲሸነፍ የክምሩ ሢሶ አመድ ሆኗል።

ያ ሁሉ ሰው ዶማውን አይቷል፤ ማን እንደ ገለጠው የሚጠየቅ አይደለም። እኛ መንደር ቢሆን ዕለቱን ሽማግሌ ተቀምጦ ካሣ ይቆረጥ ነበር፤ እኔም ተቀምጬ ከቆራጮቹ አንዱ እሆን ነበር። ቢተው ከለቅሶ ሲደርስ ክምሩን አየ፣ በሬውን አሰበ መሰለኝ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

"ውቤ፣ ተቃጠልህ?"

"አልተቃጠልሁም። ቢተው፣ እኔ..."

"ካልተቃጠልህ ምሳ እንብላ" አለና እጄን ያዘኝ።

ምሳ ላይ ማንም ነገሩን አላነሣውም። ጎረቤቶቹም አብረው በሉ። አንዱ ብቻ ሲወጣ ቅንድቤን አይቶ "አባባ፣ ግማሹን ከሰል አድርገውት ቀሩ፤ ሌላውንም ይጨርሱት" አለ፤ ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ላይ ሣቀ። ያቺ ሣቅ ከእርቅ ትበልጥ ነበር።

ሰኞ የተረፈውን ክምር ከፍተን አወጣን። ይኸን ሥራ ያላየ ሰው ምን ይባላል! አፈሩ በመንሽ ሲገለጥ እንጨቱ እንዳለ ነው፤ ቅርጹ፣ ዓይኑ፣ ቅርፊቱ ሳይጠፋ ጠቁሯል። አንዱን ባነሣው እንደ ብርጭቆ ጮኸ፤ ክብደት የለውም። እኔ የገለጥሁት በኩል ግን ዱቄት ነው። ስንለቅም ጫማዬ ፍም ረግጦ ሶሉ ቀለጠ፤ ቢተው የራሱን ጫማ አውልቆ ሰጠኝና በበረባሶ ዋለ።

ከጥሩዬ ጋር የጆንያውን አፍ ግራና ቀኝ ይዘን ስንሞላ አላስችል አለኝ። "ጥሩዬ፣ ምነው አንድ ነገር በተናገርሽኝ" አልኋት።

"ምን ልበልዎት ጋሼ? ቢተው በጀመርን ዓመት ሁለት ክምር አመድ አድርጓል። እኔ አንድ። ሳያቃጥል ማክሰል የለመደ ሰው እዚህ አገር የለም። እርስዎ እንዲያውም ዘገዩ እንጂ!"

ጆንያው አምልጦኝ ነበር። እሷ እየሣቀች ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን ልጄ ታየኝ። ስማቸው ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በሬ ሲጠምድ ቀንበሩን አስተካክልለታለሁ። ሲዘራ ከኋላው እሄዳለሁ። የሚያጠፋው ነገር ሰጥቼው አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየገለጥሁ እፍ ስል ኖርሁና አመድ ነህ ብዬ ሰደብሁት። እነዚህ ሰዎች ግን የበሬያቸውን መተኪያ ላቃጠለ እንግዳ ምሳ አቀረቡ።

ማክሰኞ ጧት ቢተው ድንች በስልቻዬ ሞልቶ፣ የዲከረንስ ዘርም በጨርቅ ቋጥሮ አመጣልኝ። ድንቹን ተቀበልሁ። ዘሩን መለስሁለት።

"አልወድም ማለትህ ነው?" አለኝ።

"አይደለም። ልጄ ራሱ ይምጣና አይቶ ይውሰድ፤ ወይ አይቶ ይተው።"

"ይምጣ" አለች ጥሩዬ፤ "እንደ አባቱ አንድ ክምር ያቃጥልልን።"

መመለሻው ቀና ነበር። በየከተማው ላይ ረዳቱን "ይቺ ማናት?" እያልሁ ጠየቅሁ፤ ሰለቸው። ቤት ስገባ መሽቷል፤ የስማቸው ቦርሳ ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል። ቅንድቤን ሲያይ ንግግሩን ረሳ። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርሁት፤ ዛፉንም፣ በሽታውንም፣ ያቃጠልሁትንም ሳልደብቅ። ስጨርስ እናቱ አፏን በነጠላ ይዛ ትሥቃለች።

"የላይኛውን ማሳ ግማሽ ውሰድ" አልሁት።

"ዲከረንስ ልትከልበት?"

"እሱን እኔ አላውቅም። መጀመሪያ ቢተው ዘንድ ሂድ፤ ከዚያ የፈለግኸውን ትከል።"

"በሽታው ቢመታውስ አባባ?"

"ይምታዋ። የሚመታው ያንተ መሬት ነው።"

የምቀልድ መስሎት ዐይኔን አየኝ። ከዚያ ቦርሳውን አንሥቶ ወደ ውስጥ አስገባ።

ረቡዕ ጧት መሬቱን ልንከፍል ወጣን። ድንበሩን በእርምጃ የለካው እሱ ነው፤ ድንጋዩንም ያነሣው፣ የቀበረውም እሱ ነው። ጨርሶ እጁን እያራገፈ "ልክ ነው?" አለኝ። ድንጋዩ ሦስት ክንድ ያህል ወደ እኔ ማሳ ገብቷል።

"ልክ ነው" አልሁት።